አዲስ ብልሃትን ስለ መምረጥና ስለ መርዳት

አዲስ ብልሃት እንደ ችግኝ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ወደ ሜዳ ያወጡት እንደ ሆነ ፀሐይ ያደርቀዋል። ይህን በመረዳት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው በሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፣ ሳይክሎትሮን ሮድ የተባለ የድጋፍ ክፍል ተቋቋመ። ለኃይልና ለአየር ንጽሕና የሚጠቅም ሥራ የጀመሩ ሊቃውንት ተመርጠው ገቡ፤ የተመረመረውም ብልሃቱ ብቻ ሳይሆን የሠሪው ጽናት ጭምር ነበረ። ለተመረጡትም ለሁለት ዓመት መተዳደሪያ፣ የመሞከሪያ መሣሪያና መካሪ ተሰጣቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በውሃና በኤሌክትሪክ ወደ ጠቃሚ ነገር የሚለውጠው ትዌልቭ የተባለው ኩባንያ፣ ኦፐስ 12 ይባል በነበረበት ጊዜ ከዚሁ ስፍራ አድጓል።

ብዙ ጊዜ ግን ለአዲስ ሥራ ገንዘብ ይሰጥና በዓመቱ ፍሬው ይጠየቃል፤ ፍሬው ቢዘገይ ሠሪው ይነቀፋል። ቡና የተከለ ገበሬ በዓመቱ እንደማይለቅም ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የተሻለ ምድጃ ወይም የውሃ መሳቢያ ሠርቶ የመጣውን ሰው ሹሙ አስቀድሞ በጥብቅ ይመርምረው፤ ከመረጠው በኋላ ግን የመሞከሪያ ስፍራና የተወሰነ ዘመን ይስጠው። ዘመኑ ሲፈጸምም ሠሪው ራሱን ይቻል። መምረጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የተመረጠውን መጠበቅ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።