ለአሮጌ ፎቅ ቤት አዲስ ልብስ ስለ ማልበስ

ከእሪ በከንቱ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ፒያሳ የሚወጣ፣ ከዚያም በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ ነጋዴ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሳያስተውለው የማያልፍ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በመንገድ ዳር የቆሙት የቆዩ ፎቅ ቤቶች ልብሳቸውን በመለወጥ ላይ መሆናቸው ነው። የኮሪደር ልማት ሥራ ከተጀመረ ጀምሮ የመንገድ ዳር ሕንፃ ባለቤቶች የሕንፃቸውን የፊት ገጽ እንዲያድሱ፣ እንዲቀቡና በሌሊት እንዲያበሩ ተጠይቀዋል። አንዳንዱ ነገሩን በቀለም ብቻ ተወጥቶታል። ሌላው ግን የድሮውን ልስን በአሉሚኒየም ሰሌዳ ሸፍኖ፣ የድሮውንም መስኮት ነቅሎ ከላይ እስከ ታች መስተዋት አልብሷል።

የከተማ ማማር ንግድን እንደሚጠቅም ክርክር የለኝም። ፊቱ የጸዳ ሕንፃ ተከራይ ያገኛል፤ ተከራዩም ገዢ ያገኛል። ክርክሬ ስለ ሌላ ነው፤ ይኸውም ልብሱ ከምን እንደ ተሠራ ሳይጠየቅ በቀለሙና በዋጋው ብቻ ስለሚገዛበት ልማድ ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። የሥራዬም ጠባይ ከውጭ አገር የሚመጡትን የዋጋ ማቅረቢያዎች ማንበብ፣ መመዝገብና ለባንክ ማዘጋጀት ነው። በእጄ ካለፉት የሰሌዳ ፕሮፎርማዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ቀለሙ ብርማ ወይም ግራጫ መሆኑን፣ የካሬ ሜትሩንም ዋጋ ነው። በመካከሉ ያለው ሙሌት ምን እንደ ሆነ የሚገልጥ መስመር ያየሁባቸው በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ገዢውም አይጠይቅም፤ ሻጩም ካልተጠየቀ አይናገርም።

በገበያ አሉኮቦንድ የሚባለው ይህ ሰሌዳ (ስሙ የአንድ አምራች የንግድ ምልክት ነው፤ ነገር ግን በእኛ አገር ከየትም ፋብሪካ ይምጣ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራል) አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ከፊትና ከኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጡ ሁለት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች አሉት፤ በመካከላቸው 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሙሌት ይገኛል። ርካሹ ሙሌት ፖሊኤትሊን የሚባለው፣ ፌስታልና ጀሪካን የሚሠሩበት ፕላስቲክ ነው። የተሻለው ከፕላስቲኩ ጋር እሳትን የሚያዘገይ ማዕድን የተደባለቀበት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ከመቶ 90 እጅ በላይ ማዕድን የሆነው ነው። ሦስቱም በመደብር ግድግዳ ላይ ተደርድረው ሲታዩ እንደ መንታ ልጆች ናቸው፤ በመልካቸው የሚለያቸው የለም።

ሰሌዳው ከግድግዳው ጋር አይጣበቅም። በብረት ዘንጎች ላይ ይሰቀላል፤ በእርሱና በግድግዳው መካከልም ክፍት ቦታ ይቀራል። እሳት ወደዚያ ከገባ ክፍተቱ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ነበልባሉን ወደ ላይ ይስበዋል። ሙሌቱ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ቀልጦ እየነደደ ወደ ታች ይንጠባጠባል።

ይህ ከመጽሐፍ የተገኘ ስጋት ብቻ አይደለም። በለንደን ከተማ ግሬንፌል የሚባል 24 ፎቅ ያለው መኖሪያ ሕንፃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ተሠርቶ ነበር። ሕንፃው ሲያረጅ፣ እስከ 2016 በተካሄደው እድሳት፣ መልኩን ለማሳመርና ሙቀቱን ለመቆጠብ አዲስ ልብስ ተደረበለት። በመጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ሰሌዳ ነበር፤ ወደ 293 ሺህ ፓውንድ ለማትረፍ ሲባል ግን የፕላስቲክ ሙሌት ባለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተለወጠ። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣ የተነሣው እሳት በመስኮት ወጥቶ ልብሱን ያዘ። 72 ሰዎች አለቁ። ሕንፃው የአርማታ ነበር፤ አርማታውም አልወደቀም፤ የነደደው የተደረበለት ነው። የመርማሪው ጉባኤ የመጨረሻ ሪፖርት በሴፕቴምበር 2024 ሲወጣ ክፉኛ ከተወቀሱት መካከል ሰሌዳውን የሠሩትና የሸጡት ድርጅቶች ይገኙበታል። አስመጪዎቻችን ይህን የመጨረሻውን ነገር ደግመው እንዲያነቡት እለምናለሁ።

የእኛም የድሮ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የአርማታና የብሎኬት ናቸው፤ በራሳቸው በቀላሉ የሚቀጣጠሉ አይደሉም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የነበረውን ሌሊት የሚያስታውስ ነጋዴ የእሳት አደጋ መኪና በተጨናነቀ መንገድ ገብቶ ሥራውን ለመጀመር ምን ያህል እንደሚቸገር አይጠፋውም። እንግዲህ በምድር ላይ ያለ ሱቅ እንዲህ ካስቸገረ፣ በስምንተኛና በዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚነድ ልብስ ምን ሊሆን ነው? ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ቢጮኹ የሚደርስ ሰው ስላልነበረ ነው ይባላል።

ስለ መስተዋቱም አንድ ቃል ልናገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ፀሐይዋ ኃይለኛ፣ ሌሊቷ ግን ብርድ ነው። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ሕንፃ ነዳፊዎች ይህን በማወቅ መስኮቱን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው፣ ከላይ የአርማታ ጥላ፣ ከጎንም ክንፍ የሚያበጁበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህ ጥላና ክንፍ ለጌጥ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ያስፈርሰውና በምትኩ ወጥ መስተዋት ያቆማል። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ምዕራብ ባደረገ ቢሮ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው መጋረጃ ዘግቶ መብራት ያበራል፤ ዓመት ሳይሞላም ኤር ኮንዲሽነር እንዲገዛለት ይጠይቃል። በምድር ቤት ያለው ባለሱቅም ጨርቁ በመስተዋቱ በኩል ቀለሙን ሲለቅበት ያያል። ዱሮ ጥላው በነጻ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን በኤሌክትሪክ ሒሳብ ይከፍልበታል።

አሮጌን ፊት መልሶ ማደስ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ በዚህችው ከተማ ታይቷል። የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው፣ የፒያሳን ማዘጋጃ ቤት የነደፈው አርቱሮ መዘዲሚ ነው። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከስድሳ ዓመታት በላይ ካገለገለ በኋላ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። በእድሳቱ ጊዜ ፊቱን በአሉሚኒየም አልሸፈኑትም። የቀድሞዎቹን ትንንሽ የሸክላ ንጣፎች በመጠናቸውና በቀለማቸው አስመስለው 13 ሚሊዮን ያህል አስሠርተው ተኩዋቸው እንጂ። የአፈወርቅ ተክሌም የቀለም መስተዋት ተጠግኖ በቦታው አለ። ያ የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ነው፤ የእኛ ነጋዴ ያን ያህል የለውም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ተራ ሕንፃ ሚሊዮን ንጣፍ አያስፈልገውም። የተሰነጠቀ ልስን መሙላት፣ የዛገ የብረት መስኮት ፍቆ ቀለም መቀባት፣ የደረቀውን የመስተዋት ማጣበቂያ መለወጥ፣ የጣሪያውን አሸንዳ መጠገን፤ ይህ ሁሉ በአገር ውስጥ እጅና በአብዛኛው በብር የሚሠራ ነው። ሰሌዳው፣ ዘንጉ፣ ሲሊኮኑና መስተዋቱ ግን በአብዛኛው የሚመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። በአራዳና በፒያሳ ካሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነው የቀሩ፣ ነጋዴው በኪራይ የሚሠራባቸው ናቸው። የግል ባለቤት ያላቸውም ቢሆኑ ወጪው በመጨረሻ ወደ ኪራይ መግባቱ አይቀርም። በዚህ ላይ መወጣጫው ለሳምንታት የሱቁን በር ይዘጋል። ስለዚህ ተከራይ የሆናችሁ ሁሉ፣ ውል ስታድሱ የፊት ገጽ እድሳት ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ሱቁ በሥራው ምክንያት የሚዘጋ ከሆነም የእነዚያ ቀናት ኪራይ እንደማይታሰብ በጽሑፍ አስገቡ። በቃል የተነገረ ነገር መወጣጫው ከቆመ በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም።

ከምክር ቤታችን የምንጠብቀው ከባድ ነገር አይደለም። አስመጪዎች የሚጠቀሙበት አንድ የተስማማ የፕሮፎርማ ቅጽ ቢዘጋጅ፣ በቅጹም ላይ የሙሌቱ ዓይነት፣ የማዕድኑ መጠን በመቶኛ፣ የእሳት መቋቋም ደረጃውና ደረጃውን የመረመረው ላቦራቶሪ ስም የሚሞላበት መስመር ቢኖር፣ ሻጩ ሳይወድ በግዱ ይናገራል። ማዕድን ያለው ሰሌዳ ከፕላስቲኩ ይወደዳል፤ ይህን አልክድም። ሁሉም አስመጪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ ግን ርካሹን አምጥቶ ጎረቤቱን በዋጋ የሚጥል አይኖርም፤ እውነተኛውን ዕቃ የሚያመጣውም ነጋዴ በታማኝነቱ አይከስርም። ምክር ቤቱ ለከተማው አስተዳደርም አንድ ነገር ቢያሳስብ መልካም ነው። የእድሳት ቀነ ገደብ ሲቆረጥ ዕቃ ከውጭ አዝዞ፣ መርምሮና አስገብቶ ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ ይታሰብ። ጊዜ ያጣ ሰው በመርካቶ መጋዘን ያገኘውን ያነሣል፤ በመጋዘን ያለው ደግሞ ምን እንደ ሆነ ባለመጋዘኑም ላያውቀው ይችላል።

እስከዚያው ድረስ አስቀድሞ ያስመጣ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሰሌዳው የመዳፍ ያህል ቁራጭ ያስቆርጥ። ጠርዙን በቢላዋ ፍቆ ሙሌቱን ከሁለቱ ቆርቆሮዎች ይለይ፤ ከዚያም ከዕቃና ከቤት ርቆ፣ በገላጣ ቦታ፣ ውኃ አጠገቡ አድርጎ፣ በጉጠት ይዞ ክብሪት ያስነካው። እንደ ሻማ ቀልጦ እየነደደ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ባይነድም የላቦራቶሪውን ምስክር ወረቀት መጠየቁን አይተው፤ የክብሪት ፈተና መጥፎውን ይገልጣል እንጂ ለመልካሙ አይመሰክርም። የቁራጩን ግማሽ ከፕሮፎርማው ጋር አያይዞ በመዝገብ ቤት ያስቀምጠው፤ ዕቃው ጉምሩክ ሲደርስ ከዚያ ጋር ይተያያል።