ከሰርጉ ማግስት

በልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ ትዳር ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ተሥሎ ይታያል። አንደኛው የፍቅር ታሪክ የሚባለው ነው፤ ሁለት ወጣቶች ተያይተው፥ ብዙ መከራ ተቀብለው፥ በመጨረሻው ገጽ እልል ተብሎ ይጋባሉ፤ መጽሐፉም እዚያው ይዘጋል። ሁለተኛው ቁም ነገር ይዣለሁ የሚለው ድርሰት ነው፤ በዚህኛው ባልና ሚስት ሲነታረኩ ይገኙና አንዱ እስኪሞት ወይም እስኪኰበልል ድረስ ይዘልቃሉ። የፊተኛውን ተረት፥ የኋለኛውን እውነት ብለው የሚያመሰግኑ አሉ። እኛ ግን ሁለቱም አንድ ጉድለት አለባቸው እንላለን። አንዱ ሰርጉን፥ ሌላው ፍርስራሹን ያሳየናል እንጂ፥ በመካከል ያለውን ሥራ፥ ተጣልቶ መታረቅን፥ አያሳዩንም።

ልማዱ የቈየ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፥ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፥ ከብዙ ስደትና ፍለጋ በኋላ የሚፈጸመው በሰርግ ነው። ከእርሳቸው በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው የሰርጉንና የተዝካሩን ልማድ ለማቃናት ጻፉ። ይሁንና ከድግሱ በኋላ ያለው ኑሮ ገና ብዙ ጸሐፊ ይጠብቅ ነበር።

ወደ ታላቁ መጽሐፍ እንምጣ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካወጡ ወዲህ፥ ስለ እውነተኛ ተጋቢዎች በተነገረ ቍጥር በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምሳሌ ሆነው ይጠራሉ። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፤ እነዚህ ሁለቱ አንድም ቀን ጎጆ ወጥተው በአንድ ጣራ ሥር አልኖሩም። ሰብለ ስትደርስ በዛብህ በሞት አፋፍ ላይ ነበር። ቤት ያልሠራ ፍቅር ለቤት ምሳሌ ይሆናልን? በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ግን የበዛብህ ወላጆች፥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፥ አሉ። እርሷ በፊት ያገቧት የሞቱባት፥ እርሱ ዕድሜው የገፋ ድሀ፤ ሁለቱ ተጋግዘው ቤት ሠሩ፥ ልጃቸው ቢታመም አብረው ተሳሉ። እውነተኛው የትዳር ምዕራፍ ይህ ሆኖ ሳለ፥ ተማሪውም መምህሩም ገጹን ገልጦ ወደ ሰብለ ይቸኵላል።

ሁለቱን ማጣመር እንደሚቻል ሩሲያዊው ቶልስቶይ አሳይቷል። በ«አና ካሬኒና» የአንዷ ቤት ሲፈርስ፥ ሌቪንና ኪቲ ደግሞ ከሰርጋቸው በኋላ በጥቃቅን ነገር ይቀያየማሉ፥ ይታረቃሉ፥ ይማራሉ። ቅያሜው ፍቅራቸውን ሐሰት አያደርገውም።

ነገሩ ለምን ያስጨንቃችኋል ቢሉን፥ የምንኖርበትን አዲስ ከተማን እናሳያለን። ሐዋሳ ከ1950ዎቹ ወዲህ የተቈረቈረች፥ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። በገጠር አዲስ ተጋቢዎች ቢጣሉ ወላጅ፥ አበልጅና ሽማግሌ በቅርብ ነበሩ። እዚህ ግን ከሁለት አገር መጥተው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣቶች፥ በሐይቁ ዳር ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ፥ የሚማሩት ካነበቡትና ካዩት ነው። ያነበቡት ታሪክ ሰርግ ላይ ካበቃ፥ የመጀመሪያዋን ጠብ የፍቅር መጨረሻ ያደርጓታል። ጕልቻ ቢለዋወጥ ወጥ እንደማያጣፍጥ የሚነግራቸው የለም።

ደግሞም የባሰ አለ። «እስከ መቃብር» የሚለውን ቃል ትእዛዝ አድርጋ፥ ዱላን እንደ ፍቅር ዕዳ የምትሸከም ሴት አለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። ሕጉ ሲለወጥ ልብ ወለዱ ወደ ኋላ ሊቀር አይገባውም። መቻልና መገፋት የሚለዩበትን ድንበር የሚያሳይ ታሪክ ያስፈልገናል።

የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም የሚሉ ይቃወሙን ይሆናል። እኛም ገመና መከበር አለበት እንላለን። ስለዚህም ነው ልብ ወለድን የምንሻው። ሽማግሌ የሰማውን ይዞ ይቀበራል፤ ጎረቤት ቢያወራ ሐሜት ይሆናል፤ ደራሲ ግን የማንንም ስም ሳያነሣ የሁላችንን ቤት ሊያሳየን ይችላል።

እንግዲህ ደራስያንን የምንለምነው ከሰርጉ ማግስት እንዲጀምሩ ነው፤ ደመወዝ ያነሰበትን ወር፥ የተኰረፈበትን ሌሊት፥ ይቅርታ የተጠየቀበትን ጧት ይጻፉልን። መምህራንም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያስተምሩ ስለ ሰብለ ከጠየቁ በኋላ፥ ውድነሽና ቦጋለ እንዴት አብረው እንደ ኖሩ ተማሪዎቻቸውን ይጠይቁ።