ርስት በሺህ ዓመቱ

አባቶቻችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲሉ መናገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው አያቶቹን የቀበረበት፥ ልጆቹን ያሳደገበት መሬት ሥሩ ነው። ስለዚህ አንድን ሕዝብ ከርስቱ የነቀለ ሁሉ ኑሮውንና ሥርዓቱን አብሮ እንደ ነቀለ ይቈጠራል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጎረቤታችን በኬንያ፥ ማው በሚባለውና 400,000 ሔክታር ያህል ስፋት ባለው ደን፥ ኦጊየክ የሚባል ነባር ሕዝብ አለ። ከጥንት ጀምሮ የኖረው በአደንና በማር ቈረጣ ነው። በእኛም አገር እንደሚደረገው ቀፎውን ከረዥም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩም ለምግቡም ለሥርዓቱም ያገለግለዋል። ዛፉ ከተቈረጠ ንቡ ይሰደዳል፤ ንቡ ከተሰደደ ባለቀፎው ምን ይበላል?

በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ የኬንያ የደን መሥሪያ ቤት ኦጊየኮች በ30 ቀን ውስጥ ደኑን ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። የተሰጠውም ምክንያት ደኑንና የውሃ ምንጩን መጠበቅ የሚል ነበር። ደን መጠበቅ የሚገባው መሆኑን የሚክድ የለም፤ ማራና ሶንዱ የተባሉት ወንዞች ከማው ተነሥተው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳሉ። ነገር ግን ደኑን ያጠፋው ማን ነው?

መቀመጫው በአሩሻ የሆነው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ደኑን ያመነመነው የሌሎች ሰዎች መግባት፥ መንግሥትም ራሱ ከደኑ እየቈረሰ ለሠፈራ መስጠቱና እንጨት ቈራጮችን መፍቀዱ መሆኑን ገልጾ፥ የአፍሪካ ቻርተር ሰባት አንቀጾች ተጥሰዋል ሲል ፈረደ። ሰኔ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ 157,850,000 የኬንያ ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል፥ መሬቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ተለክቶ በሕዝቡ የጋራ ስም እንዲመዘገብ አዘዘ።

አንባቢ ሆይ፥ ፍርዱ መልካም ነበር፤ ፍጻሜውን ግን ተመልከት። በ2016 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር የደን ዘበኞች ወደ ማው ገብተው የኦጊየኮችን ቤቶች አፈረሱ። ሁለቱ ዓመት ሲሞላም መሬቱ በስማቸው አልተመዘገበም ነበር። በፍርድ ቤት የረታው ሕዝብ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ወደቀ።

እኛ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች ስለ ሰው ልጆች መብት የተጻፉትን ውሎችና መግለጫዎች በቃላችን እስክንይዝ አጥንተናል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ ያጸደቀው መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፥ አገራችን አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበለች ማግስት ነበር። 144 አገሮች ደገፉት፥ 4 ተቃወሙት፥ ኬንያ ያለችባቸው 11 አገሮች ድምፃቸውን ሳይሰጡ ቀሩ። የእኛም አገር ድምፅ በተሰጠበት ሰዓት አልተገኘችም። ስለዚህ ጣታችንን ወደ ጎረቤት ብቻ ልንቀስር አይገባንም።

የፍርድ ዋጋው አፈጻጸሙ ነው። የዚህን ፍርድ ቤት ውሳኔዎች አፈጻጸም የመከታተል ኀላፊነት በማቋቋሚያው ውል ለአፍሪካ ኅብረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተሰጥቷል፤ የኅብረቱም ዋና መሥሪያ ቤት በመዲናችን በአዲስ አበባ ይገኛል። ሚኒስትሮቹ በተሰበሰቡ ቍጥር «የኦጊየኮች መሬት ተመለሰን?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ድምፅ ሊጠፋ አይገባም። እኛም በአገራችን ደን ሲከለል ወይም እርሻ ሲስፋፋ፥ ካርታው ከመነሣቱ በፊት በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሕዝብ ቀርበን እንጠይቀው፤ እምቢ ቢልም እንስማው።

የአባቶቻችን ተረት ለባለ ርስቱ ተስፋ እንዲሆን የተነገረ ነው፤ ለዘገየ ፈጻሚ ግን የሺህ ዓመት ቀጠሮ አይሰጥም። የኦጊየክ ቀፎ ወደ ዛፉ ሲመለስ፥ ያን ጊዜ ፍርዱ ተፈጸመ እንላለን።