ድንገተኛ የልብ ሕመምና የገጠሩ በሽተኛ መንገድ

ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። ከየክልሉ የሪፈር ወረቀት ይዞ የሚመጣው አቅመ ደካማ በሽተኛ በብዛት ደጅ የሚጠናው እዚህ ነው። በግቢው ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተ የልብ ማዕከል አለ፤ የተቋቋመው ግን በይበልጥ ለሕፃናት ነው። የልብ ሕክምና ጥራት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ሕንፃንና መሣሪያን ነው። በድንገተኛው የልብ ሕመም ግን ጥራት የሚለካው በሰዓት ነው።

ሕመሙ የሚነሣው ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ሥሩ ቶሎ ካልተከፈተ የልብ ጡንቻ እየሞተ ይሄዳል። ሕመሙ በታወቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥሩን በቀጭን ቱቦ መክፈት ይመከራል፤ ይህ ካልተቻለ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም ወዲያውኑ ሊሰጥ ይገባል። በቱቦ የሚያክሙት ክፍሎች በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ታቦር የተነሣ በሽተኛ በመኪና ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሲደርስ ሁለቱ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል።

እንግዲህ ዋና ከተማውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስላል። ደረቱን ይዞ የመጣ ሰው የካርድ ወረፋ እንዳይጠብቅ ማድረግ በእርግጥ የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። ዋናው ጉድለት ግን በወረዳ ነው። የልብ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ፣ አንብቦ የሚፈርድ ባለሙያና የሚያሟሟው መድኃኒት በቅርብ ሆስፒታል ካልተገኙ፣ የሪፈር ወረቀት በሽተኛውን ከማንከራተት አያልፍም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በወረዳ ስብሰባ ላይ አጥብቀው ሊጠይቁ የሚገባው ይህንኑ ነው።

በመንደርም የሚባክን ሰዓት አለ። «ልቤን አቃጠለኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የጨጓራ ነገር ስለሆነ፣ እውነተኛው የልብ ሕመም ሲመጣ የሚጠረጥር ይጠፋል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያስልብ ሕመም ሌሊትም ቢሆን መኪና ያስፈልገዋል። የማን መኪና እንደሚጠራ አስቀድሞ መነጋገር ለማኅበሩ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ሌላው ገንዘብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚረዳው መዋጮውን በየዓመቱ ላደሰ ቤተሰብ ነው፤ እድሳቱን የሚከታተል ሰው በየጎጡ መመደብ ይበጃል።

በወጣቶች ላይ የሚታየው የልብ በር መበላሸት ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ይመጣል። ለዚህ መከላከያው ልጁን እንጥል ማስቆረጥ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ወስዶ ፔኒሲሊን ማሰጠት ነው።