መሳሙ ይዘለላል፣ ውድቀቱ ይደገማል

ገዳሪፍ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ግቢ አንድ ምሽት ያሳለፈ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ቤተሰቡ ከሱቅ በፍላሽ የተጫነ የአሜሪካ ፊልም ይመለከታል። ወንድና ሴት ተፋጠው ቆመው ዝምታው ሲረዝም የቤቱ አባት ሪሞቱን ያነሣሉ፤ ቦታው ይዘለላል፤ «ሆሊውድ ልጆቻችንን ጨረሰብን» የሚለው የተለመደ ምሬትም ይከተላል። ጥቂት እንደቆየ አንዲት ወፍራም ሴት የተቀመጠችበት ወንበር ተሰብሮ በጀርባዋ ትዘረጋለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። አባትም ይስቃሉ። ትንሹ ልጅ «ድገሙት!» ይላል፤ ይደገምለታል።

እኚህን አባት ኋላ ቀር እያሉ የሚሣለቁባቸው አሉ። ስሕተት ነው። ፊልም ምግባርን ይነካል ብሎ የሚያምን ተመልካች ፊልምን ከብዙ ምሁር ተብዬ ይልቅ አክብዶ ይዞታል። የአባትየው ጥፋት መቆጣታቸው ሳይሆን ቁጣቸውን ግማሽ መንገድ ላይ ማስቀረታቸው ነው። የተገለጠ ገላ ያስደነግጣቸዋል፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ሰው ግን አያስደነግጣቸውም። «በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» የሚለውን ተረት ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረው፣ ማታ ማታ ምሣሩን አብረው ይስላሉ።

ጥርጣሬው አዲስ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ሱዳን ውስጥ ደግሞ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲኒማ ቤቶች ተራ በተራ ተዘጉ። ሱሃይብ ጋስመልባሪ በ2019 ያወጣው «ስለ ዛፎች መነጋገር» የተባለ ዘጋቢ ፊልም፣ አራት አረጋውያን ሱዳናውያን የፊልም ሰዎች ኦምዱርማን ውስጥ አንድ የተዘጋ ሲኒማ እንደገና ለመክፈት ፈቃድ ፍለጋ ሲንከራተቱ ያሳያል። ሽማግሌዎቹ በየሜዳው መጋረጃ ዘርግተው ለሕዝብ ካሳዩአቸው ፊልሞች አንዱ የቻፕሊን «ዘመናዊ ጊዜያት» (1936) ነበር። እንግዲህ በሩ ሲዘጋ ምን አብሮ እንደተዘጋ ልብ ይሏል። አሳፋሪ የተባለው ፊልም በዲሽና በፍላሽ ዞሮ ገባ፤ ቻፕሊን ግን ውጭ ቀረ።

ሆሊውድ ራሱ የአባትየውን ሪሞት ከሠላሳ ዓመት በላይ በእጁ ይዞ ነበር። በ1930 ተጽፎ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበትና እስከ 1968 የቆየው የፊልም ሥራ ደንብ የጋለ መሳሳምን ከለከለ፤ የሃይማኖት አባቶች መሣቂያ እንዳይሆኑ ከለከለ፤ ጥቁርና ነጭ በፍቅር ተጣምረው እንዳይታዩ ጭምር ከለከለ። በዚያው በ1930ዎቹ ዓመታት ሊንከን ፔሪ የተባለው ጥቁር ተዋናይ «ስቴፒን ፌቺት» በሚል ስም እግሩን እየጎተተ፣ እያንቀላፋ፣ ጌቶቹ ፊት አፉን ከፍቶ እየቆመ የአሜሪካን ተመልካች ያስቅ ነበር። ደንቡ ይህን በዝምታ አሳለፈው። ገላው ተሸፍኖ ነበራ!

የሰውነት ቀልድ እንዲህ በቀላሉ የሚያልፈው ቃል ስለሌለበት ነው። በገዳሪፍ ገበያ አረብኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ሐውሳ በአንድ ጥላ ሥር ይሰማሉ። የአለቃ ገብረ ሐና ዓይነቱ የቃል ጨዋታ የዚህን ገበያ አንድ ጥግ ብቻ ያስቃል፤ የሙዝ ልጣጭ የረገጠ ሰው ግን ሁሉንም ያስቃል። ቃል ጋላባት ኬላ ላይ እንደ ደረሰ ዕቃ ይፈተሻል፣ ይተረጎማል፣ አንዳንዴም ይወረሳል፤ መውደቅ ያለ ወረቀት ያልፋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ከሆሊውድ አስቀድሞ የሚማረው እንግሊዝኛን አይደለም፤ በማን ላይ እንደሚሣቅ ነው።

ይሁንና ውድቀትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም አይገባም። ቻፕሊን በ1925ቱ «የወርቅ ጥድፊያ» ላይ ረሃብ ቢጸናበት ጫማውን ቀቅሎ ይበላል፤ ክሩን እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፤ ምስማሩን እንደ ዶሮ አጥንት ይግጣል። በ1984ና በ1985 ከረሃብ ሸሽቶ ኡም ራኩባ መጠለያ የገባ ሰው በዚህ ሊቀየም ይገባል የሚል ይኖር ይሆናል። ግን የሚሣቀው በማን ላይ ነው? ይህ ሰው እየተራበ የገበታ ሥርዓቱን አልጣለም፤ ተመልካቹም አብሮት ገበታ ይቀርባል እንጂ ከጠገበ ሰው መስኮት ቁልቁል አያየውም። ቻፕሊን በልጅነቱ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ የገባ ሰው ነበር፤ ረሃብን በወሬ አላወቀውም።

ለዚህ ድንበር ነዋሪ ደግሞ ከዚያም የሚቀርብ ፊልም አለ። «ታላቁ አምባገነን» በኦክቶበር 1940 ኒውዮርክ ላይ ሲታይ ጋላባት ከጁላይ ጀምሮ በኢጣሊያ ጦር ተይዛ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካርቱም ተቀምጠው ወደ አገራቸው የሚገቡበትን ቀን ይጠባበቁ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 6 ቀን፣ የእንግሊዝና የህንድ ጦር ጋላባትን ሊያስለቅቅ ማጥቃት ጀመረ። በዚያው ሰሞን በፊልሙ ውስጥ ሙሶሊኒንና ሂትለርን የመሰሉ ሁለት ሰዎች ፀጉር ቤት ገብተው፣ አንዱ ከሌላው በላይ ለመታየት ወንበሮቻቸውን ከፍ፣ ከፍ እያደረጉ ጣራ ይደርሳሉ። አንድም ስድብ አልተነገረም፤ ወንበር ብቻ ነው። የአዲስ አበባን ሕዝብ ያስፈጀ ሰው እንዲህ ሲዋረድ ማየት በዚያ ዓመት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህም ሆሊውድ ነው፤ ሪሞቱን ያነሡት አባት አንድም ቀን ያልጠየቁት ሆሊውድ።

ከዚህ አጠገብ የ2007ቱን «ኖርቢት» ማኖር ይቻላል። ኤዲ መርፊ በሰው ሠራሽ ስብ ተሸፍኖ ራስፑሺያ የተባለችውን ግዙፍ ሴት ይሆናል፤ ቀልዱ ሁሉ የሰውነቷ ስፋት ነው፤ በውሃ መንሸራተቻ ወርዳ እስክትወነጨፍ ድረስ። መርፊ በ1996 በ«ነቲ ፕሮፌሰር» ወፍራም ምሁር ሲሆን ፊልሙ በአንድ እጁ ለምሁሩ ያዝናል፣ በሌላው እጁ ይቆነጥጠዋል፤ ለሰው ሠራሹ ስብም የኦስካር ሽልማት ተሰጠ። አማርኛ ተናጋሪ ግን ወዳጁን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያገኝ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» የሚል ሕዝብ ነው። ሱዳናውያን ጎረቤቶቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ያ ምስጋና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወደ ስድብ ሲለወጥ መሳም የሚያስዘልሉት አባት አላዩም። ልጃቸው መስታወት ፊት መቆም ስትጠላ «ምን ነካት?» ይላሉ። ሦስት ጊዜ «ድገሙት» የተባለው ትዕይንት ነው የነካት።

«ቀልድ ነው፤ ምን ያካብዳል?» የሚለው መልስ በዚህ አካባቢ አያስኬድም። ሰሊጥ ሊያጭድ ድንበር የሚሻገረው ሳሉግ መገፋትን ያውቃል። በ2020 ከትግራይ ሸሽቶ ሐምዳይት የደረሰውም፣ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በጋላባት ወደ መተማ የተሻገረውም ያውቃል። ሰልፍ ላይ የሚንገዳገድ ሰው አይቶ መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ከሆነ፣ ያ ሳቅ የሆነ ቦታ ተለምዷል። የአዲስ አበባ ኮሜዲዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ከገጠር የመጣ ሰው ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ፣ የቤት ሠራተኛ በጥፊ ስትመታ፣ ተብታባ ሰው ቃል ሲያንቀው የሚያስቁን እነርሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ከሆሊውድ የተማሩት ካሜራ አያያዙን ሳይሆን ይህንኑ ብቻ ይመስላል።

የአማርኛ ትርጉም ፊልም ተራኪዎችም እጃቸው ንጹሕ አይደለም። መሳሙ ሲመጣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ አንዳንዴም ተመልካቹን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ወፍራሟ ሴት ስትወድቅ ግን በፊልሙ ውስጥ ማንም ቃል ሳይናገር ተራኪው ከራሱ ጨምሮ «ዝሆኗ ወደቀች!» ይላል። ያቺን ዝሆን የጨመራት ሆሊውድ አይደለም።