የመኪናው ልክ

ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ገናን በላሊበላ ለማክበር ያሰበ ቤተሰብ መኪና ሲከራይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያስከፍላል?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም የሚገባው «ስንት ነን? ምን ያህል ጓዝስ አለን?» የሚለው ጥያቄ ነው።

12 ወንበር ያለው ሚኒባስ 12 ሰው ከነሙሉ ጓዙ ይችላል ማለት አይደለም። ለስንቁና ለጀሪካኑ ስፍራ ሲጠፋ ጣሪያው ላይ ይጫናል። ጭነቱ ከፍ ባለ መጠን መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ የመገልበጡ አደጋ ይጨምራል፤ ክብደቱም በቁልቁለት ፍሬኑን ያደክማል። በመንገዱ ላይ ያሉት ነፋስ መውጫና ጋሸና ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ ናቸው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል።

አንዳንዶች፣ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሕፃናቱን ታቅፈን እንሂድ» ይላሉ። ችግራቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ መኪና በሚጋጭበት ጊዜ የእናት ክንድ ሕፃኑን ይዞ ሊያስቀር አይችልም። ለኪራይ ሲሳሱ ልጅን ማጣት «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለውን መድገም ነው።

በሌላ በኩል ለአምስት ሰው ሚኒባስ መከራየትም ባዶ ወንበር መቀለብ ነው። ስለዚህ ሕፃናትም ሳይቀሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወንበር ይቆጠር፤ ጓዙም ከዋዜማው ተሰብስቦ ይታይ። ገንዘቡ ካነሰ ጓዝ ይቀነስ እንጂ ሰው አይደራረብ። ጉዞ የሚያምረው የሄዱት ሁሉ በደኅና ሲመለሱ ነውና።