ከፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ቤተ ሰብ የሚተነፍሰውን አየር ስለ መመርመሩ

ውሃ በእንስራ ሲደፈርስ በዓይናችን እናየዋለን፤ እህልም ሲነቅዝ በእጃችን ዘግነን እናውቀዋለን። አየር ግን ሌሊትና ቀን ሳናየው የምንመገበው ምግብ ስለ ሆነ፥ መበላሸቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ማሳል፥ የአሮጊቲቱም ዓይን ማንባት ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንናገረው ቤቱ በትልቅ ፋብሪካ አጥር ሥር ስለሚገኝ ቤተ ሰብ ነው፤ ይኸውም የሚተነፍሰውን አየር በምን አኳኋን ሊመረምር፥ መርምሮም ለሹም እንዴት ሊያስረዳ እንደሚችል ነው። ነገሩን በሐሳብ ብቻ እንዳናስረዝመው በአሜሪካ አገር በእውነት የተደረገውን እናስቀድማለን። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አፍንጫ የቤት የመጀመሪያው ዘበኛ ነው። ነገር ግን ይህ ዘበኛ የሚታለልበት ጊዜ አለ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ ስለሌለው፥ በበሩ ሲገባ ዘበኛው አያየውም። የተበላሸ እንቍላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ደግሞ፥ እጅግ ጥቂት ሲሆን አፍንጫ ወዲያው ያውቀዋል፤ በዝቶ ለሕይወት የሚያሰጋ በሆነ ጊዜ ግን ራሱን የማሽተትን ኃይል ያደነዝዘዋልና፥ ሰውየው ሽታው ጠፋ ብሎ ደስ ይለዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን አፍንጫ በሸንጎ ፊት ቆሞ ምስክር ሊሆን አለመቻሉ ነው። «ትናንት ማታ ከፋኝ» ያለውን ሰው «መሣሪያችን ምንም አላገኘም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ መሣሪያው የት ቆሞ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በካሊፎርንያ፥ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ሮዲዮ የሚባል መንደር አለ። በ1994 ዓ.ም. በዚያ የነበረው የዩኖካል ኩባንያ የነዳጅ ማጣሪያ፥ ካታካርብ የሚባል የኬሚካል ውህድ ለ16 ቀን ያህል ወደ አየር ሲያፈስ ቆየ። በአካባቢው የነበሩ ብዙ ሰዎች ታመሙ። የነዋሪዎቹ ጠበቃ የነበረው ኤድዋርድ ማስሪ ነገሩን ሊያይ ወደዚያ በሄደ ጊዜ እሱም ራሱ ታመመ፤ ለባለሥልጣኖቹ ቢያስታውቅ ግን መሣሪያዎቹ የሚያሰጋ ነገር አላሳዩም የሚል መልስ አገኘ። እንግዲህ በጠበቃው ደረት ውስጥ ያለው አየርና በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር አልተገናኙም ማለት ነው። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ራሳቸው በደጃፋቸው አየር የሚቀዱበት፥ ዋጋው ለድኃ የሚቻል መሣሪያ እንዲሠራለት አንድ ኢንጂነር ለመነ። በዚያን ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚሆነው የብረት ዕቃ 2,000 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፤ ኢንጂነሩ የሠራው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ዋጋ ነበረው። ይህም ዕቃ ቀለም የሚሸጥበት ዓይነት የላስቲክ ባልዲ ነበር!

አሠራሩ ለማንም ቤት ይገባል። በባልዲው ውስጥ፥ ሽታ ከማይመጥና ሽታ ከማይሰጥ ቴድላር ከሚባል ላስቲክ የተሠራ ከረጢት ባዶውን ይቀመጣል፤ ከከረጢቱም አፍ የሚነሣ ቀጭን ቱቦ በክዳኑ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ባልዲው ከተከደነ በኋላ በከረጢቱና በባልዲው መካከል ያለው አየር በትንሽ መሳቢያ ሲሳብ፥ የውጭው አየር በቱቦው ገብቶ ከረጢቱን ይነፋዋል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ የተቀዳው አየር በመሳቢያው ውስጥ ስለማያልፍ ከመሣሪያው እድፍ ጋር አይቀላቀልም። ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ከረጢቱ ታሽጎ፥ ማን እንደ ቀዳው፥ በስንት ሰዓት እንደ ቀዳው፥ ማንም ከማን እጅ እንደ ተረከበው ተጽፎበት፥ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ይህ ርክክብ በጽሑፍ ካልተያዘ የተቀዳው አየር ዋጋ የለውም፤ ተከራካሪው ወገን አስቀድሞ የሚመታው ይህንኑ ነውና።

ባልዲው ርካሽ ቢሆንም የላቦራቶሪው ዋጋ ርካሽ አልነበረም፤ ለአንድ ከረጢት ምርመራ 500 ዶላር ያህል ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ጐረቤቶቹ ሥራውን ተከፋፈሉት። አንዳንዶቹ አሽታቾች ሆኑ፤ ሽታ በመጣ ጊዜ በስልክ ያስታውቃሉ። ሌሎቹ ቀጂዎች ሆኑ፤ ባልዲውን በቤታቸው አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከረጢቱ እንዲከፈት የሚወሰነው ሽታው እጅግ በከበደ ጊዜ ብቻ ነበር።

ይህ ብልሃት ከካሊፎርንያ ተነሥቶ የደረሰበት ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ስፍራ ሉዊዚያና ነው። ከኒው ኦርሊንስ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ኖርኮ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ራሱ ከአንድ የነዳጅ ማጣሪያ ኩባንያ ስም የወጣ ነው። በዚያች ከተማ ዳይመንድ የሚባል አራት ጎዳና ብቻ ያለው የጥቍር አሜሪካውያን ሰፈር፥ በአንድ ወገን የሼል ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካ፥ በሌላው ወገን የነዳጅ ማጣሪያ ይዘውት ይገኝ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከቧንቧ ያመለጠ ጋዝ ተቀጣጥሎ ሣር ያጭድ የነበረ አንድ ብላቴናና በቤቷ የነበረች አንዲት አሮጊት ሞቱ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ማጣሪያው ፈንድቶ ሰባት ሠራተኞች አለቁ፤ የአካባቢውም ሰው ሌሊቱን ቤቱን ትቶ ሸሸ።

መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ማርጂ ሪቻርድ ቤታቸው ከፋብሪካው አጥር ስምንት ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። ጐረቤቶቻቸውን አሰባስበው፥ ኩባንያው ቤታችንን በተገቢው ዋጋ ገዝቶ ከዚህ ያሻግረን እያሉ ብዙ ዘመን ለመኑ። ነዋሪዎቹ በፍርድ ቤት ቢከሱም በ1997 ዓ.ም. ተረቱ። ከደን ቍራጭ ወዲያ ማዶ፥ በሌላው የኖርኮ ሰፈር የሚኖሩት ነጮች ብዙዎቹ እንጀራቸው ከፋብሪካው ስለ ነበረ አየሩ መልካም ነው ይሉ ነበር። ይህን በክፋት ብቻ ልንተረጕመው አይገባም፤ ደመወዙን የሚያገኝበትን ጢስ የሚጠላ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያም ላይ የነፋሱ መንገድና የአጥሩ ርቀት ለሁሉም እኩል አይደለም።

ከ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባልዲው በዳይመንድ ሥራውን ያዘ። በከረጢቶቹ ውስጥ እንደ ሜቲል ኤቲል ኬቶን ያሉ፥ በኬሚካል ሥራ የሚገኙ ነገሮች በስማቸውና በመጠናቸው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። «ይሸታል፥ አይሸትም» መባባሉ ቀርቶ «ይህ ነገር ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ጥያቄውም ለነዋሪው ሳይሆን ለፋብሪካው የሚቀርብ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ኩባንያው ከአራቱ ጎዳናዎች የሁለቱን ቤቶች ልግዛ አለ፤ ነዋሪዎቹ ግን እናትና ልጅ፥ ወንድምና እኅት በየጎዳናው ተበታትነው የሚኖሩ ስለ ነበሩ ግማሹ ሄዶ ግማሹ መቅረቱን አልወደዱትም። በ2002 ዓ.ም. ለአራቱም ጎዳናዎች ተፈቀደ። ወይዘሮ ሪቻርድም በ2004 ዓ.ም. የጎልድማንን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀበሉ፤ ከጥቍር አሜሪካውያን ይህን ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያዪቱ ናቸው።

እዚህ ላይ ለሹማምንት አንባቢዎቻችን በተለይ ልናስረዳው የሚገባ አንድ የሂሳብ ነገር አለ። በባልዲው ላይ የተነሣው ትልቁ ተቃውሞ፥ የተቀዳው የጥቂት ደቂቃ አየር ነው፤ የመንግሥቱ መለኪያ ግን ለሙሉ ቀን ወይም ለሙሉ ዓመት የተቈረጠ አማካይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አይነጻጸሩም የሚል ነበር። እውነት ነው፤ አይነጻጸሩም። ነገር ግን አማካይ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ለምሳሌ በአንድ ቀን ውስጥ ለአንድ ሰዓት መጠኑ 240 ቢሆን፥ በቀሩት 23 ሰዓታት ምንም ባይኖር፥ የቀኑ አማካይ 10 ብቻ ነው። ይህ 10 በመዝገብ ላይ ሲጻፍ ደህና ሊመስል ይችላል፤ በዚያች በአንዲቱ ሰዓት ደረቱ የተጨነቀው ልጅ ግን የተነፈሰው 10ን አይደለም። በሌላው ወገን ደግሞ እንደ ካንሰር ያለው ደዌ የሚመጣው ለብዙ ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ከሚገባው ስለ ሆነ፥ ለዚህ አማካዩ ይጠቅማል። በእኛ አስተያየት አስተዋይ ሹም ሁለቱንም ይጠይቃል፤ አንዱን ብቻ አምጥቶ ሁለተኛውን የሚሸፍን ባለ ፋብሪካም ሆነ ነዋሪ ሙሉውን ነገር አልተናገረም።

የአሜሪካ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ የነዳጅ ማጣሪያዎች በአጥራቸው ዙሪያ ቤንዝንን እንዲለኩ አዘዘ፤ መለካቱም በ2018 ዓ.ም. ተጀመረ። ቤንዝን ስሙ ለኦቶሞቢል ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በደም ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ደንቡ እንደሚለው ትንንሽ ቱቦዎች በአጥሩ ዙሪያ ተሰቅለው በየሁለት ሳምንቱ ይለወጣሉ፤ ከተገኘው ከፍተኛ ቍጥር ላይ ዝቅተኛው ይቀነሳል፤ የቀረውም በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ9 ማይክሮግራም ካለፈ ማጣሪያው ምክንያቱን ፈልጎ ማረም አለበት። መቀነሱ ብልህነት ነው፤ ነፋሱ ከሌላ ስፍራ ያመጣውን ከፋብሪካው ከራሱ ይለያልና። ሆኖም ሁለት ሳምንት ረጅም ነው፤ የአንዲቱ ክፉ ሰዓት ነገር በቱቦውም ውስጥ ተደባልቆ ይቀራል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ቤተ ሰብ ከመሣሪያ ሁሉ በፊት አንድ ደብተር ያስፈልገዋል። ሽታው ወይም ጢሱ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፥ ነፋሱ የመጣበት አቅጣጫ፥ በጢስ ማውጫው ላይ የታየው የጢስ መልክ ወይም ነበልባል፥ በቤቱም ውስጥ ማን ምን እንደ ተሰማው ይጻፍበት። የቤት እመቤቲቱ ጽሕፈት የማያስቸግራት ልጅ ካላት ይህን አደራ ብትሰጠው መልካም ነው፤ ልጆች በሰዓት ነገር ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ናቸውና። ምንም ያልሸተተበትም ቀን መጻፍ አለበት። ክፉውን ቀን ብቻ የያዘ ደብተር ክስ ነው፤ ደጉንም ክፉውንም የያዘ ግን መዝገብ ነው።

በዛሬ ዘመን በርካሽ የሚሸጡ የአየር መለኪያዎች አሉ። እነዚህም በብርሃን ጨረር በአየር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ከማይክሮን 2.5 የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ የሚቈጥሩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ይህ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ብናኝ የሚቈጥር መሣሪያ ግን ቤንዝንን አያውቅም፤ ስለዚህ ከኬሚካል ፋብሪካ አጠገብ ሆኖ መለኪያው ዝቅተኛ ቍጥር ሲያሳይ «ደኅና ነን» ማለት ስሕተት ነው። ጉም በበዛበትም ጧት የውሃውን ጠብታ ከብናኝ ቈጥሮ ያበዛል። ስፍራውም ይምረጥለት፤ በሰው ቁመት፥ ከማድ ቤትና ከመኪና ማቆሚያ ራቅ ብሎ ይሰቀል። ቡና ሲቈላና ዕጣን ሲጤስ አጠገቡ ቢገኝ፥ ፋብሪካው ባልሠራው ኃጢአት መከሰሱ ነው! ቤቱ ቡናውን ይተው አንልም፤ ሰዓቱን በደብተር ይጻፍ እንላለን።

ሽታው በከበደ ጊዜ መስኮት ይዘጋ፤ ሕፃናት ከውጭ ይግቡ፤ ሕፃን ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ከትልቅ ሰው ይልቅ ብዙ አየር ይስባልና። የሚያስል ወይም መተንፈስ የሚያስቸግረው ካለ ደብተሩ ይቆይ፤ ሐኪሙ ይቅደም።

በአገራችንም በ1995 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300፥ ማንም ሰው ጕዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ሳያስረዳ፥ አካባቢን በበከለ ሰው ላይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሊያቀርብ እንደሚችል ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባይሰጥ፥ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ባይረካ፥ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ተፈቅዶለታል። ቀኖቹ የሚቈጠሩ ስለ ሆነ፥ አቤቱታው በሁለት ቅጅ ተጽፎ፥ አንደኛው መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ቀንና ማኅተም ያለበት ሆኖ ከደብተሩ ጋር በቤት ይቀመጥ።